ጋቢውን የሰጠው ማን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር ነው። ጠያቂዋ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ኮንጁጌት አሲድና ኮንጁጌት ቤዝ መለየት አቃተኝ። ትርጉሙን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ጥያቄ ላይ ሲመጣ ግን ይምታታብኛል። ባለፈው ፈተና የካርቦኒክ አሲድ ኮንጁጌት ቤዝ ማን ነው ሲባል ካርቦኔት ብዬ ተሳሳትኩ። ውሃስ አንዴ አሲድ፣ አንዴ ቤዝ የሚሆነው እንዴት ነው? ጓደኞቼ ደግሞ የደካማ አሲድ ኮንጁጌት ቤዝ ጠንካራ ነው ይላሉ። እውነት ነው? እባክዎ ያስረዱኝ።»

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አይዞሽ፣ ይሄ ነገር ያልተምታታበት ተማሪ አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ሙሉ አንድ ገጽ ጥያቄ ገልብጬ ሠርቼ ዜሮ አግኝቻለሁ። ትርጉሙን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ነበር የምወጣው። ችግሩ ትርጉሙ ላይ አልነበረም። ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር ነው ያላየሁት።

ስለዚህ ትርጉሙን ለጊዜው ተይው። ጋቢ እናምጣ።

መቼም የጎንደርን ምሽት ታውቂዋለሽ። ሁለት ሰዎች ከቀሃ ወንዝ ወዲህ ቆመዋል እንበል። አንዱ ጋቢ ደርቧል፤ ሌላው በሸሚዝ ብቻ ነው፣ ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል። ወንዙን ሲሻገሩ ባለጋቢው አዘነለትና ጋቢውን አውልቆ ሰጠው። ማዶ ደርሰው ስታያቸው አንደኛው በሸሚዝ ቀርቷል፣ ሁለተኛው ጋቢ ለብሷል።

ጋቢው ፕሮቶን ነው፤ ማለትም ኤሌክትሮኑን ትቶ የሄደ ሃይድሮጅን። ወንዙ በኢኩዌሽኑ መሃል ያለው ቀስት ነው። ጋቢውን የሰጠው አሲድ ነው፤ የተቀበለው ቤዝ። ይህን አተያይ በ1923 እ.ኤ.አ. ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ፣ በየፊናቸው አቅርበውታል፤ ዴንማርካዊው ብሮንስተድና እንግሊዛዊው ላውሪ። ለዚህ ነው በሁለቱም ስም የሚጠራው።

አሁን ዋናው ነገር። ኮንጁጌት ጥንድ የሚባሉት ሰጪውና ተቀባዩ አይደሉም። እኔን ዜሮ ያስገኘችኝ ይቺ ናት። ኮንጁጌት ጥንድ ማለት ያው አንድ ሰው ነው፤ ወዲህ ማዶ ከነጋቢው፣ ወዲያ ማዶ ያለ ጋቢው። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ወዲህ በሸሚዝ፣ ወዲያ በጋቢ። ጥንዶቹ ሁልጊዜ ወንዙን ተሻግረው ነው የሚተያዩት። ከአንድ ዳርቻ ላይ ሁለት ሰው አንስተሽ ጥንድ ካደረግሽ ተሳስተሻል።

በአቼቶ እንየው። አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ይሆናል፦

አሴቲክ አሲድ + ውሃ ⇌ አሲቴት + ሃይድሮኒየም

አሴቲክ አሲድ ፕሮቶኑን ለውሃ ሰጠ። የቀረው አሲቴት ነው። ስለዚህ አሲቴት የአሴቲክ አሲድ ኮንጁጌት ቤዝ ነው። ውሃ ደግሞ ፕሮቶን ተቀብሎ ሃይድሮኒየም ሆነ። ሃይድሮኒየም የውሃ ኮንጁጌት አሲድ ነው። በቃ፣ ሁለት ጥንድ።

«ለምን ቤዝ ተባለ? አሲቴት እኮ እዚህ ምንም አልተቀበለም» ትይኝ ይሆናል። ቀስቱን ተመልከቺ። ሁለት አፍ አለው። ወንዙን ተመልሶ መሻገር ይቻላል። ሲመለሱ ጋቢውን የያዘው ሃይድሮኒየም ነው፣ ሰጪው እሱ ይሆናል። የሚቀበለው አሲቴት ነው። ለኮንጁጌቶቹ አሲድ ወይም ቤዝ የሚለው ስም የተሰጣቸው በመልስ ጉዞው ለሚሠሩት ሥራ ነው።

አሁን ወዳንቺ ስህተት። ካርቦኒክ አሲድ ሁለት ፕሮቶን መስጠት ይችላል። ሁለት ጋቢ ደርቦ የመጣ ሰው ነው በይው። አንቺ ሁለቱንም አስወለቅሽው። የኮንጁጌት ሕግ ግን አንድ ጋቢ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ በጥንዶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፕሮቶን ነው፣ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። ካርቦኒክ አሲድ አንዱን ሲሰጥ ባይካርቦኔት ይሆናል። መልሱ እሱ ነበር። ካርቦኔት የማን ኮንጁጌት ቤዝ ነው? የባይካርቦኔት። ካርቦኒክ አሲድና ካርቦኔት ዘመድ ናቸው፣ ጥንድ ግን አይደሉም። መሃላቸው ሌላ ሰው አለ።

መቁጠሪያው ቀላል ነው። ኮንጁጌት ቤዝ ስትፈልጊ አንድ ሃይድሮጅን ቀንሺ፣ ቻርጁንም በአንድ ወደ ታች አውርጂ። ካርቦኒክ አሲድ ዜሮ፣ ባይካርቦኔት ኔጌቲቭ 1፣ ካርቦኔት ኔጌቲቭ 2። ኮንጁጌት አሲድ ስትፈልጊ ግልባጩ፤ አንድ ሃይድሮጅን ጨምሪ፣ ቻርጁን በአንድ ከፍ አድርጊ። አብዛኛው ተማሪ ሃይድሮጅኑን ያስተካክልና ቻርጁን ይረሳል። አራሚው ደግሞ አይረሳም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ ልጠቁምሽ። ፈተና አውጪዎች ይወዷቸዋል።

አንዱ አሞኒያ ነው። «የአሞኒያ ኮንጁጌት ቤዝ ማን ነው?» ሲባል ግማሹ ክፍል አሞኒየም ብሎ ይጽፋል። አሞኒያ ቤዝ እንደሆነ በልባችን ስላለ፣ ጥያቄውን ሳንጨርስ እጃችን አሞኒየም ይጽፋል። አሞኒየም ግን ፕሮቶን የጨመረው ነው፤ ኮንጁጌት አሲዱ ነው። ጥያቄው የሚለው ሌላ ነው፦ አሞኒያ ራሱ አሲድ ሆኖ ፕሮቶን ቢሰጥ ምን ይቀራል? የሚቀረው አማይድ ነው፤ ናይትሮጅን ከሁለት ሃይድሮጅን ጋር፣ ቻርጁ ኔጌቲቭ 1። ውሃ ውስጥ የሚሆን ነገር አይደለም። ጥያቄው ግን ይሆናል ወይ አላለሽም፤ ማን ይቀራል ነው ያለሽ።

ሌላው አሴቲክ አሲድ ውስጥ ነው። 4 ሃይድሮጅን አለው። አንዳንዱ ተማሪ ከካርቦን ጋር ከተያያዙት 3 አንዱን ይነቅላል። እነዚያ የተሰፉ ናቸው፣ አይወልቁም። የሚሄደው ከኦክስጅን ጋር የተያያዘው 1 ብቻ ነው።

ውሃን በተመለከተ። ውሃ አሲድም ቤዝም የሚሆነው ጠባዩ ስለሚለዋወጥ አይደለም። አጠገቡ የቆመው ሰው ስለሚለያይ ነው። ከአሴቲክ አሲድ ጋር ሲገናኝ እሱ ተቀባይ ነው፤ ሃይድሮኒየም ይሆናል። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሰጪ ነው፤ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። አንድ ሰው ለእናቱ ልጅ፣ ለልጁ አባት እንደሚሆነው ነው። «ይሄ ሰውዬ ልጅ ነው ወይስ አባት?» ተብሎ አይጠየቅም። ለማን? ነው የሚባለው። አሲድና ቤዝ የንጥረ ነገር መታወቂያ ካርድ ላይ የተጻፉ አይደሉም። በዚያች አንድ ኢኩዌሽን ውስጥ የተያዘ ቦታ ናቸው።

እስካሁን ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ ነው። አሁን በዓይን የሚታይ ኮንጁጌት ጥንድ ላሳይሽ፣ ያውም ከማጀት።

አንድ የጥምቀት ማግስት ነው። አክስቴ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷ ላይ አልጫ ወጥ ጠብ አለባት። ትንሽ ቢጫ ነጠብጣብ ናት። ወዲያው በሳሙና ፈተግ ስታደርጋት ቢጫው ቀይ ሆነ። የደም ቀለም ያለው፣ ቡናማ ቀይ። «ኧረ ጉዴ! ሳሙናው ምን ገብቶበት ነው?» ብላ ጮኸች። ሳሙናው ምንም አልገባበትም። እኔ በዚያ ሰዓት ኬሚስትሪ መማር ጀምሬ ነበርና ግማሽ ሎሚ አምጥቼ ጨመቅሁበት። ቀዩ ዓይናችን እያየ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። አክስቴ መተት ነው የመሰላት። መተቱ ግን ቀሚሱን አላጸዳውም፤ ቢጫው እዚያው ነው። በኋላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እየሰነበተ ነው የደበዘዘው።

ምን ሆነ? እርድ ውስጥ ከርኩሚን የሚባል ቀለም አለ። ከነፕሮቶኑ ሲሆን ቢጫ ነው። ሳሙና ቤዝ ስለሆነ ፕሮቶኑን ይወስድበታል። ፕሮቶን ያጣው ከርኩሚን ብርሃን የሚመጥበት መንገድ ይለወጣል፣ ቀይ ሆኖ ይታያል። ሎሚው ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ደግሞ ፕሮቶኑን ይመልስለታል፤ ይቢጫል። ቢጫው አሲዱ ነው። ቀዩ ኮንጁጌት ቤዙ ነው። አንድ ሰው፣ ከነጋቢውና ያለ ጋቢው። ላብራቶሪ ውስጥ አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለዩት፣ ኢንዲኬተር የምትሏቸው ሥራቸው ይኸው ነው።

ዛሬ ማታ ሞክሪው። ትንሽ እርድ በውሃ በጥብጪና ነጭ ወረቀት ንከሪበት፣ አድርቂው። ከዚያ በአንዱ ጫፍ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው ጫፍ ሎሚ አንጠብጥቢበት።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፣ ከርዕሱ ብወጣም። እድፉ እምቢ አለ ብለሽ ሎሚ ወይም አቼቶ የነካው ልብስ ላይ በረኪና እንዳታፈሺ። በረኪና ውስጥ ያለው ሃይፖክሎራይት ቤዝ ነው። አሲድ ሲያገኝ ፕሮቶን ይቀበልና ኮንጁጌት አሲዱ፣ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ሲበረታ ደግሞ እዚያው በረኪናው ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር ተገናኝቶ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሳንባ ይጎዳል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም እንደዚሁ ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም።

ወደ ጓደኞችሽ እንሂድ። «የደካማ አሲድ ኮንጁጌት ቤዝ ጠንካራ ነው» አሉሽ። ግማሽ እውነት ናት፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ፈተና ላይ ከሙሉ ውሸት ትብሳለች።

እውነቱ ይሄ ነው። አሲዱ ጋቢውን ለመስጠት በቸኮለ ቁጥር፣ መልሶ ለመቀበል ያለው ፍላጎት ይቀንሳል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ፕሮቶኑን ሙልጭ አድርጎ ይሰጣል። የሚቀረው ክሎራይድ ፕሮቶን የሚባል ነገር ዞር ብሎ አያይም። የገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃውን ቤዝ የማያደርገው ለዚህ ነው። አሲዱ እየደከመ ሲሄድ ኮንጁጌት ቤዙ እየበረታ ይሄዳል። እየበረታ ማለት ግን ጠንካራ ሆነ ማለት አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ልጅ ይልቅ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይበረታል፤ ጤፍ በኩንታል አሸክሚው አይባልም።

ቁጥሩን እንየው። ኬኤ አሲዱ ውሃ ውስጥ ፕሮቶን የመስጠት ጉልበቱን የሚለካ ቁጥር ነው፤ ኬቢ ደግሞ ቤዙ የመቀበል ጉልበቱን። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአንድ አሲድ ኬኤ ከኮንጁጌት ቤዙ ኬቢ ጋር ሲባዛ ሁልጊዜ 10⁻¹⁴ ነው። የአሴቲክ አሲድ ኬኤ 1.8 × 10⁻⁵ ነው። ስለዚህ የአሲቴት ኬቢ 5.6 × 10⁻¹⁰ ይሆናል። ይሄ ጠንካራ ነው? በፍጹም። የ0.1 ሞላር ሶዲየም አሲቴት ፒኤች (የአሲድነትና የቤዝነት መለኪያው፤ 7 መሃሉ ነው፣ ከዚያ በላይ ቤዝ) ብትለኪ 8.9 ገደማ ነው። በዚያው መጠን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 13 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ፣ የሃይድሮክሳይዱ መጠን ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ይበላለጣል። ስለዚህ የደካማ አሲድ ኮንጁጌት ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ ራሱም ደካማ ነው። ለጓደኞችሽ እንዲህ በያቸው።

እግረ መንገዴን አንድ የምወዳት አጋጣሚ አለች። የአሞኒያ ኬቢም 1.8 × 10⁻⁵ ነው፤ ከአሴቲክ አሲድ ኬኤ ጋር እኩል። ምክንያት የላትም፣ እንዲያው ገጥመው ነው። ከዚህ የተነሳ አሞኒየም አሲቴት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አሞኒየሙ ወደ አሲድ፣ አሲቴቱ ወደ ቤዝ በእኩል ጉልበት ይጎትታሉ፣ ፒኤቹም 7 አካባቢ ይቆማል። ፈተና ላይ ብትመጣ እንዳትደነግጪ።

ይሄው የጉተታ ነገር ባይካርቦኔትንም ይፈታልሻል። ባይካርቦኔት እንደ ውሃ ሁለት ፊት አለው፤ ፕሮቶን ሰጥቶ ካርቦኔት ይሆናል፣ ተቀብሎ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ብቻውን ውሃ ውስጥ ቢገባ የትኛው ያመዝናል? አነጻጽሪው። ለመስጠት ያለው ኬኤ 4.7 × 10⁻¹¹ ነው። ለመቀበል ያለው ኬቢ 2.2 × 10⁻⁸ ነው። መቀበሉ ያመዝናል። ቤኪንግ ሶዳ (ሶዲየም ባይካርቦኔት ማለት ነው) የተሟሟበት ውሃ ፒኤቹ 8.3 ገደማ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቃር ሲይዝሽ ጠጪ የሚሉሽም ጨጓራ ውስጥ ያለውን ፕሮቶን ስለሚቀበል ነው። የሚያስገሳሽ ጋዝ፣ ፕሮቶን ከተቀበለው ባይካርቦኔት የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የዳይሃይድሮጅን ፎስፌት (ፎስፎሪክ አሲድ አንድ ፕሮቶን ሲሰጥ የሚቀረው) ነገር ግን ተቃራኒ ነው፤ እሱም ሁለት ፊት አለው፣ መስጠቱ ስለሚያመዝን ውሃውን አሲድ ያደርገዋል። ሁለት ፊት ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቁጥሩን ሳታዪ አትፍረጂ።

የእውነት ጠንካራ ኮንጁጌት ቤዝ ማየት ከፈለግሽስ? ለዚያ ፕሮቶኑን ሞቶ የማይሰጥ አሲድ ያስፈልጋል። ከደጃፍሽ አለልሽ። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው። ኖራ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ነው። ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣለትና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ያ ነጭ ነገር ውሃ ሲነካው ይንሸሸሻል፣ ይፈላል፣ እጅ ያቃጥላል። ግንበኛ ይፈራዋል። የሚሆነው ይሄ ነው፦

ኦክሳይድ + ውሃ → ሃይድሮክሳይድ + ሃይድሮክሳይድ

ኦክሳይድ የሃይድሮክሳይድ ኮንጁጌት ቤዝ ነው። ሃይድሮክሳይድ ደግሞ አሲድ ሆኖ ፕሮቶን ስጥ ቢሉት እሺ የሚል አይደለም። ስለዚህ ኦክሳይድ ለፕሮቶን ያለው ጥማት ከባድ ነው፤ ውሃ ባገኘበት ይነጥቀዋል። ቀስቱ አንድ አፍ ብቻ ያለው ለዚህ ነው፣ መመለስ የለም።

ጥንዶቹን ለይልኝ። ማዶ ሁለት ሃይድሮክሳይድ ቆሟል፤ መልካቸው አንድ ነው፣ አንዱን ከሌላው መለየት አትችይም። የመጡበትን ዳርቻ ግን ታውቂዋለሽ። አንደኛው ኦክሳይድ የነበረው ነው፣ ጋቢ ተቀብሏል፤ ስለዚህ ኮንጁጌት አሲድ ነው። ሁለተኛው ውሃ የነበረው ነው፣ ጋቢውን ሰጥቷል፤ ስለዚህ ኮንጁጌት ቤዝ ነው። ያው አንድ ነገር፣ በአንድ ኢኩዌሽን ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ አሲድም ቤዝም። ይሄን ካየሽ በኋላ ውሃ አያስቸግርሽም።

ከዚያስ? ግንበኛው ኖራውን ድንጋይ መሃል ሲመርገው ሃይድሮክሳይዱ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። መጀመሪያ ሲያያዙ ባይካርቦኔት ነው የሚወጣው። እዚህ እርምጃ ላይ ኮንጁጌት ጥንድ አትፈልጊ። ከማንም ወደ ማንም የሄደ ፕሮቶን የለም፣ የተያያዙት በኤሌክትሮን ነው። ቀጥሎ ግን ሌላ ሃይድሮክሳይድ ይመጣና ከባይካርቦኔቱ ፕሮቶን ይወስዳል፦

ባይካርቦኔት + ሃይድሮክሳይድ ⇌ ካርቦኔት + ውሃ

ካርቦኔቱ ከካልሲየም ጋር ሆኖ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ግንቡን ያቆመው እሱ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ኢኩዌሽን ጥንዶቿን አንቺ ሠርተሽ ላኪልኝ። ፈተና ላይ የጻፍሽው ካርቦኔት እዚህ ውስጥ አለ፤ በዚህ ጊዜ ከትክክለኛው ጥንዱ ጋር አገናኚው።